አራተኛው መስመር ላይ የጣልኳቸው ሽማግሌ

መምህራን በተሰበሰብንበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ «ሂሳብ በኦንላይን ይሻላል ወይስ በክፍል?» የሚል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ጠመኔ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። መላሾቹም ለሁለት ተከፍለው ሻይ እስኪመጣ ይከራከራሉ። እኔ ዝም እላለሁ። መልስ አጥቼ አይደለም፤ መልሴ ረጅም ስለሆነ፣ በዚያ ላይ ውስጡ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ስላሉበት ነው። ዛሬ ሻዩም የለም፣ ስብሰባውም የለም፣ እስቲ ልናገረው።

ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። ፀጉሬ የሸበተው እዚያው ሰሌዳ ፊት ነው፤ ባልደረቦቼ «ግማሹ ሽበት፣ ግማሹ ጠመኔ ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ቁጡ ነኝ። ይህን የምለው ለመናዘዝ ሳይሆን ለመተዋወቅ ያህል ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ታክሲ ውስጥ የቀድሞ ተማሪዬ ካጋጠመኝ፣ ጢም ያወጣ ጎረምሳ እንኳ ቢሆን፣ ቦታ ሲለቅልኝ እጁን ከኪሱ ያወጣል።

ክፍል ውስጥ የቆየ ልማድ አለን። አስረድቼ ስጨርስ ዞር ብዬ «ገባችሁ?» እላለሁ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል። እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነው፤ ያስተማሩኝም እንዲሁ የተማሩ ይመስለኛል። በዚህ መሃል «አልገባኝም» የሚል ሰው ቅዳሴ መሃል ጮክ ብሎ ያስነጠሰ ያህል ነው የሚታየው። ጩኸቱ የመግባት ምልክት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የማምነው ፊታቸውን ነው። የገባው ልጅ ዓይኑ ይረጋጋል። ያልገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ በላይ ይጮሃል።

ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መጀመሪያ ያጣሁት ይህን ፊት ነው። ርዕሰ መምህራችን ጠራኝና «ስልክ ላይ ግሩፕ ትከፍቺና በቮይስ ታስተምሪያለሽ» አለኝ።

«ሂሳብ በጆሮ?» አልኩት።

«ሰሌዳውን ፎቶ አንስተሽ ትልኪያለሽ፣ ከዛ በቮይስ ታብራሪያለሽ። በቃ፣ ጊዜው ያመጣው ነው፤ ምን እናድርግ?»

ጊዜ ባመጣው ነገር ላይ አቤት አይባልም። ቤቴ ግድግዳ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ሰቅዬ ጀመርኩ። ጎረቤቴ ሸማኔ ነው፤ እኔ ስለ ኢኩዌሽን ሳወራ የእሱ መወርወሪያ ከጀርባዬ ቀጭ ቀጭ ይላል። የመጀመሪያውን ቮይስ እንደላክሁ ከግሩፑ የመጣው ጥያቄ «ቲቸር፣ ምንድነው የሚንኳኳው?» የሚል ነበር። ስለ ኤክስ የጠየቀ አልነበረም።

ትልቁ ጣጣ ግን ማንን እንደማስተምር አለማወቄ ነው። አብዛኞቹ ልጆች የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ የገቡት በእናት፣ በአባት፣ በአጎት ስልክ ነው። ግሩፑን ስከፍት ተማሪዎቼ የሉም። ፎቶው ላይ ያሉት አንዲት ሙሽራ፣ አንድ ሚኒባስ፣ የጽጌረዳ መዓትና ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ስማቸውም «ሁሉም ያልፋል»፣ «የእናቴ ልጅ»፣ «ሱቅ» ነው። አንድ ቀን የቤት ሥራ ባልላከ አካውንት ላይ ስቆጣ ቆይቼ ፎቶውን ልብ ብዬ ባየው ለካ ፈረሱ ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እሱም ዘንዶውን እንደረገጠ «ቲቸር፣ ካርድ አልቆብኝ ነው» ብሎ መለሰልኝ። አማተብኩና ይቅር አልኩት።

የ«ገባችሁ?» ነገርማ ብሶበት አረፈ። ይህችን ቃል ስጽፍ የአውራ ጣት ዝናብ ይወርዳል። ቮይሱን ልኬ ሳልጨርስ አውራ ጣት የሚልኩ ነበሩ። እንዴት ብለው ሰሙት? አውራ ጣት ደግሞ ዓይን የለው፣ ግንባር የለው፣ ምኑ ይነበባል? በንዴት ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሬ አውቃለሁ።

በዚህ መሃል አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በውስጥ መስመር መልእክት መጣልኝ። የአካውንቱ ስም «እግዚአብሔር ትልቅ ነው» ይላል። ፎቶው ላይ ጋቢ የለበሱ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቤተክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጠዋል። መልእክቱ እንዲህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። እስከ ሦስተኛው መስመር አብሬዎት ነበርኩ። አራተኛው ላይ ጥለውኝ ሄዱ። ቁጥሩ ወደዚያ ሲሻገር ምልክቱን ለምን ይቀይራል? ማን አስገደደው?»

መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት። ስንት ዓመት ሙሉ «ሲሻገር ምልክት ይቀይራል» እያልኩ ሳስተምር «ማን አስገደደው?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ለማስጠናት ሲሉ በዚህ ዕድሜያቸው ኢኩዌሽን ሊማሩ እንደተነሱ አሰብኩ። «እንደምን ዋሉ አባቴ» ብዬ ጀመርኩ። የሽንኩርት ሚዛን ያስቡ አልኳቸው። ሁለቱ ሳህኖች እኩል ቆመዋል። ከዚህኛው ሦስት ሽንኩርት ቢያነሱ ከዚያኛውም ሦስት ካላነሱ ሚዛኑ ያዘነብላል። ቁጥሩ የተሻገረ ይመስላል እንጂ የተሻገረ ነገር የለም፤ ከሁለቱም በኩል እኩል ስለተነሳ ነው አልኳቸው። ቀስ ብዬ፣ ቃል እየመረጥኩ ነበር የማስረዳው። ልጆቹን እንደምለው «ይሄ እንኳ ይጠፋሃል?» አላልኩም። ነጭ ጢም ላለው ሰው እንዴት ተብሎ ይባላል?

ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ፦ «አሁን ደረስኩብዎት። እግዜር ያክብርልኝ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ተላመድን። ቀን ለአውራ ጣቶቹ አስተምራለሁ፤ አመሻሽ ላይ ለሽማግሌው። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አካሄድ አለው፤ እስከዚህ አብሬዎት ነበርኩ፣ እዚህ ጋ ጣሉኝ። ጠቅላላው አልገባኝም ብለው አያውቁም፤ የጣልኳቸውን ቦታ በጣት ያሳዩኛል። እሳቸውን በጣልኩበት ቦታ ልጆቹንም እንደምጥላቸው ስለገባኝ፣ የነገውን ቮይስ የማሰናዳው የእሳቸውን ጥያቄ ፊት ለፊቴ አድርጌ ነበር። ለጎረቤቴ ለሸማኔው ሳይቀር አወራሁለት። «እንዲህ ያለ አያት አለ!» አልኩት። «የኔ አባት እንደሳቸው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ኢንጂነር ነበርኩ» አለኝ ቀና ሳይል።

ክረምት ሲገባ ሽማግሌው ዝም አሉ። መጀመሪያ ዝናቡ ነው፣ ኔትወርኩ ነው አልኩ። ዝምታው ሲረዝም ጻፍኩላቸው። «አባቴ፣ ደህና ነዎት?» አንዲት ራይት ወጣች። ሰውየው ሲያነበው ነው ሁለተኛዋ የምትጨመረው፤ ሁለተኛዋ አልመጣችም። ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ስሰጥ የኖርኩ ሰው፣ አንዲት ራይት ፍለጋ ስልኬን ስከፍት ስዘጋ ከረምኩ።

በዚያ ሰሞን ዝም ያለ ሽማግሌ ሁሉ የሞተ ይመስለን ነበር። በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል በታክሲ ሳልፍ የአምቡላንስ ድምፅ ከሰማሁ ውስጡ ነጭ ጢም ይታየኛል። ስልክ ቁጥራቸው አይታይ፣ ስማቸውን አላውቅ፤ የማን አያት እንደሆኑም አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ግሩፑ ላይ «አያቱ ጋቢ ለብሰው ፎቶ የተነሱ ማነው?» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ቢሆንስ? መርዶ እንዲህ አይጠየቅም። ቤተክርስቲያን ስሄድ ደጃፍ ደጃፉን እፈልጋቸው ጀመር፤ ግን ጋቢ ለብሶ ማስክ ያደረገ ሽማግሌ ሁሉ እሳቸውን ይመስላል። አንዱን ጠጋ ብዬ «ይቅርታ አባቴ፣ ሂሳብ ይማራሉ?» ብላቸው ትክ ብለው አይተውኝ «ልጄ፣ እግዜር ይማርሽ» ብለውኝ አለፉ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ድምፃቸውን እንኳ ሰምቼው ለማላውቀው ሰው ማልቀሴ ራሴንም ገረመኝ፤ ግን አለቀስኩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ስምንተኛ ሆነው መጡ፤ እኔም አብሬያቸው ወጣሁ። ክፍሉ በፈረቃ ተከፍሏል። አንድ ዴስክ ላይ አንድ ልጅ ነው፤ ሁሉም ማስክ አድርጓል። ጠመኔ ሳነሳ ደስ አለኝ። ግን ፊት ናፍቄ ከርሜ ያገኘሁት ግማሽ ፊት ነው። «ገባችሁ?» ስል «አዎ ቲቸር!» የሚለው ድምፅ በጨርቅ ታፍኖ ይመጣል፤ ማን ጮኸ፣ ማን ዝም አለ አይታወቅም። በስልኩ ይሻል ነበር እንዴ? አልኩ በልቤ። እዚያ ቢያንስ አንድ ሰው እውነቱን ይነግረኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ደፈር ብዬ ጠየቅኩ። «ከእናንተ መሃል ሂሳብ የሚወዱ አያት ያሉት ማነው?» ክፍሉ ሳቀ። እጅ ያወጣ የለም። በሌላውም ፈረቃ ጠየቅኩ፤ ያው ሳቅ ነው። ወይ ቤተሰቡ ሰፈር ለቋል፣ ወይ ደግሞ የፈራሁት ሆኗል አልኩ። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተውኩት።

ኢንኢኳሊቲ ላይ ስንደርስ የምታስቸግር ነገር አለች። ሁለቱን ወገን በኔጌቲቭ ስታባዛ ወይም ስታካፍል ምልክቱ ይገለበጣል፤ ያንስ የነበረው ይበልጣል። ሰሌዳው ላይ በአራት መስመር ሠርቼ ዞርኩ።

«ገባችሁ?»

«አዎ ቲቸር!»

ላጠፋው ዳስተሩን አንስቻለሁ። ከኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ አንዲት እጅ ወጣች። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ማለቴ ስሟን ስጠራ «አቤት» ስትል አውቃታለሁ። ከዚያ ውጪ ሰባተኛ ክፍል እያለች ድምጿን የሰማሁ አይመስለኝም። ብድግ አለች። አንድ እጇ የዴስኩን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል።

«ቲቸር... እ... እስከ ሦስተኛው መስመር አብሬዎት ነበርኩ» አለች። «አራተኛው ላይ ጥለውኝ ሄዱ። ምልክቱን ማን አስገለበጠው?»

ቅዳሴ መሃል ሰው አስነጥሷል። ሁሉም የሚያየው እሷን አይደለም፤ እኔን ነው፤ መቼ እንደምፈነዳ እየጠበቀ። እኔ ዳስተሩን መልሼ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ «አልሞቱም!» የሚል ነው። ቀጥሎ ሽማግሌው ለካ እሷ ኖራለች የሚለው መጣ። ወዲያው ደግሞ፣ ታዲያ የፎቶው ሰውዬስ? «እንደምን ዋሉ አባቴ» ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

«እሺ» አልኩ። «የትምህርት ቤታችን በር ላይ ቁሚ እንበል። አንቺ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሁለት የመብራት ምሰሶ ያህል ወጣሽ፤ ጓደኛሽ አምስት ምሰሶ ወጣች። ማን ከፍ አለ?»

«እሷ።»

«አሁን ወደ በሩ ተመለሱና ፊታችሁን አዙሩ። ያንኑ ያህል ቁልቁል ውረዱ፤ አንቺ ሁለት፣ እሷ አምስት። ማን ከፍ ብሎ ቀረ?»

ከማስኩ በላይ ያለው ዓይኗ ትንሽ ዋለለ፤ ከዚያ ተረጋጋ። ለካ ግማሽ ፊትም ይበቃል።

«እኔ» አለች።

«ምልክቱን የገለበጠው ማነው?»

«መዞራችን!»

ከፊት ወንበር «አሃ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዞር ብዬ ባየው ቅድም «አዎ ቲቸር» ሲባል ከሁሉ በላይ የጮኸው ልጅ ነው።

ደወል ሲደወል ልጅቷን አስቀረኋት። መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ሂሳብ አልነበረም።

«አያትሽ... ጋቢ ለብሰው ፎቶ የተነሱት... ደህና ናቸው?»

ግራ ገባት። «አባባ? ደህና ነው። ዛሬ እኮ ያደረሰኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ ክረምቱን መልእክት ብልክ አይነበብም...»

«ለወገቡ እንጦጦ ጸበል ገብቶ ነበር፤ ስልኩንም ይዞት ሄደ። ከዛ እዚያ ውሃ ነካው መሰለኝ፣ ሲመለስ አልበራ አለ።»

ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። «እፎይ» አልኩ። በሆዴ አይደለም፤ ጮክ ብዬ፣ ልጅቷ እስክትደነግጥ ድረስ «እፎይ!» አልኩ። ክረምቱን ሙሉ የቀበርኳቸው ሰውዬ ጸበል ገብተው ወገባቸውን ሲያሹ ከርመዋል። ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁ ውስጥ እንባም ነበረበት።

«እኔ ነኝ ለምን አላልሽኝም?» አልኳት፣ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግኩ።

ጫማዋን አየች። «መጀመሪያ ልናገር ነበር። ግን እንደምን ዋሉ አባቴ ሲሉኝ፣ አይደለሁም ማለት አሳፈረኝ። ከዛ ደግሞ...»

«ከዛ ደግሞ ምን?»

«እርስዎ አባባን አይቆጡትም።»

ልቆጣ ብፈልግ እንኳ በምን አፌ?

«ታዲያ ዛሬ ማን አደፈረሽ?» አልኳት በመጨረሻ።

«ስልኩ የለማ» አለች ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ። «ካልጠየቅኩ እዚያው አራተኛው ላይ ልቀር ነው።»

ልጆቹ ሲለቀቁ አብሬያት እስከ በሩ ሄድኩ። ሽማግሌው እንደ ፎቶው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከፎቶው አጠር ይላሉ። ሳያቸው ሮጬ ልስማቸው ነበር፤ ማስኩ አሳፍሮኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

«አባባ፣ ቲቸር ናት» አለቻቸው።

ፊታቸው በራ። «እርስዎ ነዎት እንዴ! እኔን ይድፋኝ! ይቺ ልጅ ማታ ማታ ስልኬን ትይዝና "አባባ፣ ቲቸር እንደምን ዋሉ ብላሃለች" ትለኛለች። እኔም "እግዜር ያክብርልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ በያት" እላታለሁ። እንዴት ያለች አስተማሪ ናት፣ በዚህ ክፉ ቀን የማታውቀውን ሽማግሌ ደህንነት በየቀኑ ትጠይቃለች እያልኩ ስንቱ ጋ አወራሁዎት መሰለዎት!»

ልጅቷን አየኋት። ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

ስለ ሂሳቡ አንድም ነገር ሳያውቁ ነው የከረሙት። ምርቃቱ ግን የራሳቸው ነበር፤ እያንዳንዱ «ዕድሜ ይስጥልኝ» ከእሳቸው አፍ የወጣ ነው። ይህን ማወቄ ደስታዬን ሙሉ አደረገው። «እርስዎም እኔን ብዙ አስተምረውኛል» አልኳቸው። ምኑን እንዳስተማሩኝ አልጠየቁኝም፤ «አሜን» ብለው የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው ቁልቁል ወረዱ። ከኋላቸው ሆኜ ወገባቸውን አየሁት፤ ጸበሉ ሳይሠራላቸው አልቀረም።

እንግዲህ ኦንላይን ይሻላል ወይስ ክፍል ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ? ስልኩ ባይኖር ያቺ ልጅ የአያቷን ጋቢ አጥልቃ የልቧን አትጠይቀኝም ነበር። ክፍሉ ባይኖር ደግሞ ዓይኗ ሲረጋጋ አላይም፤ «አሃ!» ያለውም ልጅ እስካሁን አውራ ጣት እየላከልኝ ይኖር ነበር። አንዱን ምረጪ ብትሉኝ ክፍሉን እመርጣለሁ፤ ግን ሽማግሌውን ይዤ ልግባ።

ገብቻለሁም። ሽማግሌውን ባገኘኋቸው ሰሞን ከምሳ በኋላ ገብቼ አዲስ ምዕራፍ ጀመርኩ። ሰሌዳውን ሞልቼ ዞርኩና «ገባ...» ብዬ ዋጥኩት። ልጆቹ «አዎ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል፤ ማስኮቹ ሲነፉ ይታያል።

«የት ላይ ጣልኳችሁ?» አልኩ።

«አዎ ቲቸር!» ያሉ ሦስት አራት ልጆች ነበሩ፣ በልማድ። የቀረው ዝም አለ። ጥያቄው «አዎ» የሚባልበት አይደለማ። ቁጣዬ ሊመጣ ሲል አወቅኩትና ጠመኔውን ጨበጥ አድርጌ ጠበቅኩ። ከፊት ወንበር ያ ጯሂው ልጅ እጁን ግማሽ ድረስ አነሳ።

«እኔን...» አለ፣ ጓደኞቹን በዓይኑ ጥግ እያየ። «እኔን ቲቸር፣ አንደኛው ላይ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ብቻ አልሳቀችም፤ የምለውን ትጠብቃለች። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አጠፋሁት፣ ወደ ልጁ ዞርኩ፣ ጎንበስ አልኩና «እንደምን ዋሉ አባቴ» ብዬ ከአንደኛው ጀመርኩ።